ፊልሙ የዘለለው

በፊልም የምናየው የአእምሮ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ገዳይ ወይም ሊቅ። ገዳዩን ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 በ«ሳይኮ» አስለምዶናል። ሊቁን ግን በጭብጨባ ስለተቀበልነው ማንም አይጠይቀውም።

በ2001 የወጣው «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» በስኪዞፍሬኒያ የታመመውን የሒሳብ ሊቅ፣ የጆን ናሽን ሕይወት ይተርካል። አራት ኦስካር ወስዷል። ከሁሉ የተዋጣለት የዶርም ጓደኛው ነገር ነው። ቻርልስ የተባለውን ያን ተጫዋች ሰው ናሽ ሲያየው እኛም እናየዋለን፤ ሲስቅ አብረን እንስቃለን። በኋላ እንዲህ ያለ ሰው የለም ሲባል የምንደነግጠው እኛ ነን። የሌለው ነገር ለታማሚው ምን ያህል እውነት እንደሆነ ከዚህ በላይ ያስረዳኝ ፊልም አላየሁም። እውነተኛውን ናሽ ያስቸገረው ግን ድምፅ ነበር እንጂ የሚታይ ሰው አልነበረም። ድምፅ ለካሜራ አይመችም፤ ይሁን፣ ይህን እንለፈው።

እኔ የማላልፈው ትዳሩን ነው። በፊልሙ ሚስቱ አሊሺያ ብትማረርም አትለየውም፤ ፍቅር በሽታውን ሲያሸንፍ እናያለን። በእውነቱ በ1963 ተፋተዋል። በ1970 መልሳ ቤቷ አስገባችው፤ እንደ ባል ሳይሆን ማረፊያ እንዳጣ ሰው። ከዚያ በኋላ ናሽ ለዓመታት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲንከራተት፣ ሰሌዳ ላይ ለሌላው የማይገባ ነገር ሲጽፍ ኖረ። ያባረረው የለም። ሕመሙ ቀስ በቀስ ለቀቀው፤ በ1994 ኖቤል ተሸለመ፤ ፊልሙ በወጣበት ዓመት ሁለቱ እንደገና ተጋቡ። እንዲህ ያለው ታሪክ ከፊልሙ አይበልጥም?

በነገራችን ላይ፣ ፊልሙ ውስጥ ናሽ አዳዲስ መድኃኒት እንደሚወስድ ይናገራል። እሱ ግን ከ1970 ወዲህ መድኃኒት አልወሰደም። ተመልካች ክኒኑን እንዳይጥል ተብሎ ከሆነ ይህቺን ውሸት አልጠላትም፤ የናሽ ዕድል ለሁሉም አይደርስም።

እንደ አሊሺያ በሯን የምትከፍት ሴት እኛም አገር አለች፤ ታማሚው አማኑኤል ሆስፒታል ታክሞ፣ ጸበል ተጠምቆ የሚመለሰው ወደ እናቱ ወይም ወደ እህቱ ቤት ነው። ሌሊት ሲነሣ የምትነቃው፣ የጎረቤቱን ሹክሹክታ የምትሰማው እሷ ነች። አንዳንድ ኮሜዲዎቻችን ግን የአማኑኤልን ስም የሚያነሡት ለሳቅ ብቻ ነው። የፊልም ደራሲዎቻችን ሆይ፣ «እብዱ ገባ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት እንዲህ ያለች አንዲት እህት ፈልጋችሁ አነጋግሩ።