ምርጫው የታለ?

ባለፈው እትም በዚህችው መጽሔታችን ላይ አንድ ወዳጃችን ለአዲስ ገቢዎችና ለተመራቂዎች የለገሰውን ምክር አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። በቀን 20 የእንግሊዝኛ ቃል ከነአቻውና ከነተቃራኒው መሸምደድ፣ በሳምንት 100 የሰዋስው ጥያቄ መሥራት፣ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ከጥግ እስከ ጥግ መከለስ። ይህን ያደረገ ሰው የማያልፈው ፈተና የለም ነው የሚለን። ወዳጃችን ቅን ሰው ነው፤ ምክሩም ውሸት የለበትም። እኔን ያናደደኝ እውነት መሆኑ ነው። እንደተባለው ያደረገ በርግጥ ያልፋል። ለመሆኑ አልፎ ምን ይሆናል?

ከመቀጠሌ በፊት ገመናዬን ልናገር። እኔም የዚህ ንግድ ሸሪክ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ የ12ኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ፤ ወርክሺት አዘጋጃለሁ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እያባዛ ይሸጠዋል፤ ከዚያች ሳንቲም ድርሻዬን እቀበላለሁ። ከመካከላችን ይህን ያልሠራ የቋንቋ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣና እናክብረው።

አምና አንድ ልጅ ነበረኝ። ሰነፍ አይደለም፤ ከገጠር መጥቶ ከአክስቱ ቤት የሚኖር፣ ሻይ ቤት እየሠራ የሚማር ልጅ ነው። "ዊሽ" የሚለው ቃል ያለባቸውን 10 ጥያቄዎች ሰጠሁት፤ 10ሩንም አገኘ። "እንዴት አወቅኸው?" ስለው "ቲቸር፣ ዊሽ ካያችሁ ፓስቱን ምረጡ ብለኸን የለ እንዴ" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ትምህርቴ ሰምሯል ማለት ነው። "በል እንግዲህ በዊሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ራስህ ሥራ" አልሁት። "አይ ዊሽ" ብሎ ጀመረና ቆመ። ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባው ባዶ ነው። ቀና ብሎ አየኝና "ምርጫው የታለ?" አለኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀጥዬ የቃሉን ትርጉም ብጠይቀው "ከኋላው ፓስት የሚመጣበት ቃል ነዋ!" ብሎ መለሰልኝ። መመኘት ማለት መሆኑን ማንም አልነገረውም ነበር። እኔ አስተማሪው ጭምር።

እንዲህ ዓይነቱ "ዘዴ" ስንት ነው? "ኖ ሱነር" ካለ "ዛን" ፈልግ፤ "ሃርድሊ" ካለ "ዌን" ፈልግ፤ "ሉክ ፎርዋርድ ቱ" ካለ ኢንግ ያለበትን አክብብ፤ ግራ ከገባህ ረዥሙን ምረጥ፤ ጨርሶ ካልገባህ ሲ ላይ እርጋ። ይህ እኮ ክታብ ነው! አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ያድናል ተብሎ ይታመናል፣ ከፍቶ ያነበበው ግን የለም። ደብተራ ክታብ ይጽፋል እያልን የምንስቅ ምሁር ነን ባዮች በገጽ ይህን ያህል ብር እያልን እንቸረችራለን።

ሰዋስው አይጠና ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሰዋስውን አጥብቆ በማጥናት የኛን ያህል የቆየ አገር ጥቂት ነው። የቅኔ ቤቱን ተመልከቱ። ግእዝ ለጎጃሙም ሆነ ለጎንደሩ ተማሪ የእናቱ ቋንቋ አይደለም፤ ገበያ ወጥቶ የሚነጋገርበትም የለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ቁራሽ የሚለምነው ልጅ ግስ ያጠናል፣ እርባታ ያወርዳል፣ አገባብ ይማራል። ይህ ሁሉ ከእኛ ቴንስና ፕሪፖዚሽን አይቀልም። ነገር ግን መምህሩ የሚፈትነው "ከሚከተሉት አንዱን ምረጥ" እያለ አይደለም። ልጁ ከሁለቱ ቤት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ መምጣት አለበት። የትናንቱ ለዛሬ አያገለግልም፤ የጓደኛው ለእሱ አይሆንም። ይሳሳታል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ግሱን የሚያጠናው ሊሠራበት ነው። ረሃቡንና አርጩሜውን አልናፍቅም፤ ስንት ዓመት እንደሚበላም አውቃለሁ። ግን ማንም በማይናገረው ቋንቋ የራሱን አሳብ የሚያወጣ ልጅ ያፈራ አገር፣ ግማሽ ዓለም በሚናገረው ቋንቋ አንድ ምኞት መግለጽ የማይችል ተማሪ ሲያወጣ ምን እንበል?

"እንግሊዝኛው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ ምን ያንጫጫሃል?" የሚሉኝ አሉ። አንድ ትምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ዝም ባልሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያውን እንግሊዝኛ አድርጎታል። ስለዚህ ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም፣ የአድዋ ታሪክ ሳይቀር፣ የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቅስ ምን ይፈይዳል? የ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተቀምጠው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ ኮቪዱም፣ የመምህሩ ኑሮም አለበት። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ላይ አልለጥፍም። ግን እነዚያ የወደቁት ልጆች ወርክሺት አላጡም፤ ወርክሺትማ ሞልቷል።

ደግሞ ሌላውን ነገር ተመልከቱ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ወረቀት በማኅበራዊ መገናኛ ተበትኖ አገር አቀፉ ፈተና ተሰረዘ፤ እንደገናም ተሰጠ። ያኔ ሁሉም የሌባውን ነገር አወራ፤ ስለተሰረቀው ዕቃ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ምንድን ነው በስልክ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚበረው? ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ! መልሱ አንዲት ፊደል ስለሆነች ነው በኪስ የምትያዘው። "ስለ ሰፈርህ ወንዝ አንድ አንቀጽ ጻፍ" የሚል ጥያቄ ቢወጣስ? ጥያቄውን የሰረቀ ልጅ መልሱን መጻፍ ይቀረዋል፤ ለመጻፍም ወንዙን ማሰብ አለበት።

ከዚህ ግቢ ስንወጣም ያው ነው። ባንክ ለመቀጠር የሚወዳደር ተመራቂ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው መካከል ተቀምጦ በሕይወቱ ዳግም የማያገኛቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ከአቻቸው ያዛምዳል። ካለፈ በኋላ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ሲውል ደንበኛውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ነው የሚያነጋግረው። ሥራው አለቃው የሚረዳው አጭር ሪፖርት መጻፍ ሲጠይቀው ግን ላቡ ይመጣል፤ እሱን ማንም አልፈተነውማ።

ከወዲያ በኩል ደግሞ "እንግሊዝኛ የባዕድ ቋንቋ ነው፣ ተነቅሎ ይጣል" የሚሉ ጓደኞች አሉን። ካፌ ውስጥ ሲናገሩ ደም ያሞቃሉ። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ ነገ ቢነቀል ማን ይጎዳል? በውድ ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ ቤቱ ሆኖም ይናገረዋል፤ መጽሐፉም ስልኩም ሰዉም አለው። የሚቀርበት ያ የሻይ ቤቱ ልጅ ነው። ቋንቋው ለእሱ የሚያስፈልገው ከእናንተ ይበልጣል። አማርኛውም ኦሮምኛውም የሳይንስ ቋንቋ ይሁን፤ ለዚህ መጽሐፍ መተርጎም፣ ቃል መፍጠር፣ መድከም ያስፈልጋል። መፈክር ግን መጽሐፍ አይተረጉምም።

"ስድስት መቶ ሺህ ድርሰት ማን ያርማል?" ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን አንድ አንቀጽ ነው ያልሁት፤ ስምንት ወይም አሥር መስመር። ያን ሁሉ ተማሪ ከየወረዳው ጭኖ፣ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ፣ አብልቶና አሳድሮ መፈተን የቻለ መንግሥት አሥር መስመር የሚያርም ሰው አጣሁ ቢል እኔ አላምንም። ለዚህ ሥራ እኮ እኛም አለን። ፈተናው ካልተለወጠ መምህሩ አይለወጥም፤ ወላጅም፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም አይለወጥም። ሁሉም የሚሄደው ፈተናው ወደሚጠራው ነው፤ እኔም የሄድሁት ወደዚያው ነበር።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። እኔ ከወርክሺቴ ላይ ግማሹን ጥያቄ አውጥቼ ቦታውን ባዶ መስመር አድርጌዋለሁ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት "ይሄ ምንድን ነው? ባዶ ወረቀት ማን ይገዛል?" ብለው ተቆጥተዋል፤ እውነትም ገበያው ቀንሷል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከ14 ልጆች የጻፉት 5 ብቻ ነበሩ። ያ ልጅ አራት መስመር ጽፎ ሰባት ስሕተት ሠርቷል። አክስቱ ማታ መብራት ባያጠፉበት እንደሚመኝ ነው የጻፈው፤ "ዊሽ"ን ተከትሎ የመጣው ግሥ ፓስት አልነበረም፤ አርሜለታለሁ።

ወረቀቶቹ እየበዙ ነው፤ ብቻዬን አልቻልሁም። ማረም የምትፈልጉ ሐሙስ ማታ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ታገኙኛላችሁ። ምክር የሰጠን ወዳጃችንም ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ከእኔ የተሻለ ቃላት ያውቃል። ቀይ እስክርቢቶ ይዛችሁ ኑ።