ክሬም ካራሜሉን ያቀጠነው ማነው?

የአዲስ አበባ ካፌዎች ክሬም ካራሜል ሁለት ዓይነት ሆኗል። አንዱ ማንኪያ ሲነካው ውሃ የሚያዥ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ እንቁላል ነው። ሌላው በቆርቆሮ ጣፋጭ ወተት የወፈረ ሲሆን «ክሬም የበዛበት» ተብሎ በጭማሪ ዋጋ ይሸጥልናል።

የበዛው ግን ክሬም አይደለም፣ ስኳር ነው። የቆርቆሮው ጣፋጭ ወተት ከ40 በመቶ በላዩ ስኳር ነው፤ ቅባቱ ከ8 በመቶ ብዙም አይርቅም። በየኬኩ ላይ «ክሬም» እየተባለ የሚመታው ነጭ ነገርማ ብዙ ጊዜ የፓልም ዘይት ነው። ላም አያውቅም።

በአማርኛ ስልባቦት የሚባል ነገር አለን እኮ! 1 ሊትር ያልተነካ ወተት በቀስታ እሳት 600 ሚሊ ሊትር እስኪቀር ይተን፤ ስልባቦቱን ሳትጥሉ መልሳችሁ አዋህዱት። ቅባቱ ከ3.5 ወደ 6 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከእንቁላሉ ነጩን ቀንሱ፣ አስኳሉን ጨምሩ፤ የሚያደርቀው ነጩ ነው። ከዚያ ሙቅ ውሃ በያዘ ትሪ ውስጥ አስቀምጣችሁ በዝግታ ጋግሩት፣ ውሃው እንዳይፈላ። ክሬም ካራሜል በእሳት ብዛት ነው የሚበላሸው። ለዚህ ሁሉ የውጭ ቆርቆሮ አያስፈልግም፤ በተለይ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ።

ይህን ስትሏቸው የካፌ ሼፎች አንድ መልስ አላቸው፦ «ወተቱ ራሱ ውሃ ነው፣ ቢተን ምን ይቀረዋል?» እውነታቸውን ነው። ቁጣዬም በእነሱ ላይ አይደለም።

ከሰላሌ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ ወደ ከተማው የሚገባው ወተት በአብዛኛው የሚገዛው በሊትር ነው። በሊትር ከተከፈለ ደግሞ ውሃም ወተት ነው። «ላክቶሜትር አለን» ይሉናል ተረካቢዎቹ። ላክቶሜትር የሚለካው ጥግግትን ብቻ ነው። ቅባቱ ሲገፈፍ የወተቱ ጥግግት ይጨምራል፣ ውሃ ሲጨመርበት ይቀንሳል። ሁለቱንም በልኩ ያደረገ ሰው መሣሪያው ፊት ንጹሕ ሆኖ ያልፋል! ያልነካካ ገበሬ ግን ምን ተጨመረለት? የአገራችን ላም ወተቷ ጥቂት ቢሆንም ቅባቱ ብዙውን ጊዜ ከፈረንጅ ላም ይበልጣል። የሊትር ዋጋ ይህን ሀብቷን በዜሮ ያባዛዋል፤ ከዚያ ቅባቱን ከውጭ በቆርቆሮ እንገዛለን።

ችግሩ አዲስ አይደለም፣ መፍትሔውም እንደዚያው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ገበሬዎች በክብደት ሲከፈላቸው ወተት ማቅጠንና መግፈፍ በዝቶ ነበር። በ1890 እ.ኤ.አ. ስቴፈን ባብኮክ የወተትን ቅባት የሚለካ ቀላል ዘዴ አወጣ፤ የፈጠራ መብት እንኳ አልጠየቀበትም። አሲድ፣ የመስታወት ብልቃጥና በእጅ የሚሽከረከር ማሽን፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ወተት በቅባቱ መሸጥ ቻለ። የህንድ የወተት ማኅበራትም መንደር ድረስ ወርደው በቅባት ይከፍላሉ። እኛ ከ130 ዓመት በኋላም ጆግ ይዘን እንለካለን።

«ለትንሽ ገበሬ ይከብዳል» የሚለውን ሰበብ አልቀበለውም። መሣሪያው የሚቀመጠው ማሰባሰቢያው ላይ እንጂ እያንዳንዱ በረት ውስጥ አይደለም። በቀን በመቶዎች ሊትር የሚረከቡ ትልልቅ ሆቴሎችና ማቀነባበሪያዎች ነገውኑ «ከ3.5 በመቶ በላይ ለሆነ ቅባት ይህን ያህል እንጨምራለን» ብለው በራቸው ላይ መለጠፍ ይችላሉ። አዋጅ መጠበቅ የለባቸውም። እስከዚያው ካፌዎች ምናሌያቸው ላይ «በቆርቆሮ ወተት የተሠራ» ብለው ይጻፉልን፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ያስተካክሉ።