ከፍለን ለምን እንለምናለን?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! «እኛ እንግዳ ተቀባይ ነን» እያልን መኩራራት ይብቃን። ቤታችን ለመጣ እንግዳ አልጋችንን እንለቃለን፤ እውነት ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ሆቴላችን የገባውን ግን ፊት እንነሳዋለን።

መሐል ሜዳ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ብርድ ሙቅ ውሃና ብርድ ልብስ ቅንጦት አይደሉም። በአንድ የመንዝ ሆቴል «ሙቅ ውሃ አለ» ተብዬ ከፍዬ ገባሁ፤ ቧንቧው ደረቅ ነበር። ለሱብሒ ውዱእ አንድ ጀሪካን ውሃ ብጠይቅ፣ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ «ካልተመቸህ ሌላ ቦታ ፈልግ» አለኝ። ተጨማሪ ብርድ ልብስም የለም ተባለ። በባና አገር!

ይህን ስነግራቸው «ሙስሊም ስለሆንክ ነው» ያሉኝ አሉ። አይደለም! ከጎኔ ያደረው ክርስቲያን ሾፌርም የደረሰው ያው ደረቅ ቧንቧ ነው። ብልሹ አሠራርን የሃይማኖት ጠብ ካደረግነው ተጠያቂው ባለቤት ከመሃል ሾልኮ ይወጣል።

ሠራተኛው ላይ ብቻ መጮህም ፍትሕ አይደለም። ሥራውን ሳያስተምሩ፣ በቲፕ ኑር ብለው ሌሊቱን ብቻውን የሚያስቀምጡት ባለ ሆቴሎች ናቸው። የሌለ ሙቅ ውሃ አለ ብሎ ገንዘብ መቀበል ደግሞ ማታለል ነው፤ ማታለል ሐራም ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብ፣ ከዛቻና ከማጉላላት የመጠበቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ስንጠይቅ እየለመንን አይደለም።

«የገጠር ከተማ ነው፣ ምን ይደረግ» የሚል ምክንያትም አልቀበልም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር በአባቶች ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ለ400 ዓመት ገደማ ጠብቆ አቆይቷል። ዛሬ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት እንግዳ የሚመጣው በዚያ ጥበቃ ነው። ሣርን በሥርዓት የጠበቀ ሕዝብ እንግዳን በሥርዓት መያዝ አያቅተውም።

ወጣቶች ሆይ! ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን እዩ፣ ቧንቧውን ክፈቱ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። የተባለው ከሌለ ሳትሳደቡ ገንዘባችሁን አስመልሱ፤ እምቢ ካለ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። በሆቴልና በሱቅ የምትሠሩም፣ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐለይሂ ሰላም) ለማያውቃቸው እንግዶች የተጠበሰ ጥጃ አቅርበዋል፤ ዋጋ አልጠየቁም። እኛ ዋጋው የተከፈለበትን ውሃ እንከለክላለን?