ከቆዳ ሥር ስለሚቀበረው መድኃኒት



በሰውነታችን ያሉ ዕጢዎች ከደም ጋራ የሚልኩት፤ ዕድገትንና የወር አበባን፤ ፅንስንም የሚያዝዝ ረቂቅ ነገር አለ፤ ጠቢባን ሆርሞን ይሉታል። ይህን በመድኃኒት መልክ ሠርቶ ከቆዳ ሥር በመቅበር ጥቂት በጥቂት ወደ ደም እንዲገባ የማድረግ ጥበብ በአውሮፓ የተጀመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ሲሆን፤ በዚያን ጊዜ የታሰበው የወር አበባቸው ስለ ቆመ በሙቀትና በላብ ለሚቸገሩ ሴቶች ነበር። ወደ አገራችን በብዛት የገባው ግን ለሌላ ጉዳይ፤ ይኸውም ወሊድን ለማራራቅ ነው።

በ2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የተባለችውን መድኃኒት መቅበር ተምረው በየቀበሌያቸው እንዲሰጡ አደረገ። ይህች መድኃኒት ርዝመቷ 4 ሳንቲ ሜትር፤ ውፍረቷ 2 ሚሊ ሜትር፤ የክብሪት እንጨት የምትመስል ናት። በላይኛው ክንድ በውስጥ በኩል ትገባለች፤ የታሰበላትም ዘመን 3 ዓመት ነው። ከጤና ጣቢያ ርቃ ለምትኖር እናት ትልቅ ዕረፍት ሆነች።

ነገር ግን ማስገባትና ማውጣት አንድ ሥራ አይደለም። መቅበሩ በቀበሌ ሲፈጸም፤ ማውጣቱ ቆዳን በጥቂቱ መሠንጠቅ ስለሚያሻው ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ተትቶ ነበር። በትውልድ ቀበሌዋ የተቀበረላት ሴት እንጀራ ፍለጋ ስትወጣ መድኃኒቷን በክንዷ ይዛ ትመጣለች። በቢሾፍቱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው በሩ አቃቂ ቃሊቲ ነውና፤ በዚያ ካሉት ፋብሪካዎች ወይም ከየቤታችን ማድ ቤት እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም።

ዘመኑ ሲያልፍ የመድኃኒቷ ኃይል እየደከመ ስለሚሄድ ያልታሰበ ፅንስ ሊመጣ ይችላል። የወር አበባዋ ቢዛባባት፤ ልጅ ብትሻ፤ ወይም እንዲያው ባትፈልገው፤ ዘመኑ ሳይደርስም ማስወጣት መብቷ ነው። ሥራው ክንድን አደንዝዞ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጸም ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያም ዋጋ አይጠየቅበትም። በጣት ተዳስሳ ያልተገኘች እንደ ሆነ ግን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ በምላጭ መፈለግ ክንድን ለከባድ ጉዳት መስጠት ነው።

ስለዚህ ሴቲቱ የተቀበረበት ቀን የተጻፈበትን ካርድ በጥንቃቄ ታኑር፤ ቀኑ ያልታወቀ መድኃኒት ባለቤቱን ያሳስታል። የቤት ጌታና እመቤት ደግሞ፤ ሠራተኛቸው ወደ ጤና ጣቢያ ልሂድ ስትል ምክንያቱን ሳይመረምሩ፤ ከደመወዟም ሳይቀንሱ ያሰናብቷት። የእሑድ ዕረፍት ለዚህ አይበቃም፤ የሥራ ቀን ይስጧት።