አዳራሹ ቅዳሜ ለምን ይቆለፋል?

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስድስት ሆነን የኮሌጁ አዳራሽ በር ላይ ቆመን ነበር። አንዳችን ስፒከር በፌስታል ይዟል። የጥበቃ ሠራተኛው እንደ ሁልጊዜው በትህትና «ልጆቼ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ቁልፉ እኔ ጋ የለም» አሉን። እውነታቸውን ነው። ቁልፉ ያለበት ቢሮ ቅዳሜ ዝግ ነው። ደብዳቤያችን ደግሞ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ከተባልን ወር አልፎናል።

ምን ልትሠሩ ነው ለምትሉ፣ ልንጨፍር ነው። ሊንዲ ሆፕ የሚባለውን የስዊንግ ዳንስ ከቪዲዮ እያየን እየተለማመድን ነው። (ሳቁ፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል።) ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ አንዴ ተያይዞ አንዴ ተለቃቆ፣ የጃዝ ኦርኬስትራን ምት ተከትሎ የሚጨፈር የሃርለም ጥቁሮች ፈጠራ ነው።

«ሌላ ቦታ አጣችሁ?» ይሉናል። አዎ፣ አጣን። አንድ ካፌ ጠየቅን፤ ባለቤቱ ወንበሮቹን ለማንሳት ፈቃደኛ ነበር፣ ግን ሁላችንም በየሰዓቱ እንድናዝ ፈለገ። ይህ በተማሪ ኪስ የሚሆን አይደለም። የዶርም ግቢ ሞከርን፤ ኮብልስቶን ላይ መሽከርከር ቁርጭምጭሚትን አሳልፎ መስጠት ነው። የአንድ ጓደኛችን ሳሎን ሴራሚክ ነው፣ ያንሸራትታል፤ በዚያ ላይ ከታች ያሉት ጎረቤቶች በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ደበደቡልን። ናይት ክለብ ቀን ቀን ባዶ ስለሆነ ይገኛል፤ ሁለቱ ሴት ጓደኞቻችን ግን «ቤተሰብ ቢሰማ ምን እንላለን?» ብለው ቀሩ። አልፈርድባቸውም። የኮሌጁ አዳራሽ ግን የእንጨት ወለል አለው፣ መጠጥ የለበትም፣ ሁላችንም በእግራችን እንደርስበታለን።

ዳንስ በየትም ይሆናል የሚል ሰው የሳቮይ ቦልሩምን ታሪክ ቢያነብ ደስ ይለኛል። ሳቮይ እ.ኤ.አ. በ1926 በኒው ዮርክ ሃርለም፣ ሌኖክስ ጎዳና ላይ፣ ከ140ኛው እስከ 141ኛው መንገድ ያለውን ርዝመት ሙሉ ይዞ ተከፈተ። ወለሉ የሜፕል እንጨት ነበር፤ እግር ስለሚበዛበት በየጊዜው ይቀየር ነበር። ሁለት የባንድ መድረክ ስለነበረው አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እዚያው ሃርለም የነበረው ኮተን ክለብ ጥቁሮችን መድረክ ላይ እያሠራ በታዳሚነት ግን በማያስተናግድበት ዘመን፣ ሳቮይ ጥቁሩንም ነጩንም በአንድ ወለል ላይ ያስጨፍር ነበር። ፍራንኪ ማኒንግ የሚባለው ወጣት የዳንስ ጓደኛውን በጀርባው ላይ ገልብጦ በማሳለፍ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀውን የአየር ላይ ስልት የጀመረው እዚያ ሲለማመድና ሲወዳደር ነው።

አዳራሹ በ1958 ተዘጋ፤ ኋላም ፈርሶ የመኖሪያ ሕንፃ ተሠራበት። ዳንሱ የተቀዛቀዘው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ትልልቆቹ ባንዶች ቀድመው ተበትነዋል፣ ሮክ ኤንድ ሮልም መጥቷል። ማኒንግ ግን ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሠራ። በ1980ዎቹ ከስዊድንና ከካሊፎርኒያ የመጡ ወጣቶች ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ1943 ፖሊስ ሳቮይን ከሥነ ምግባር ጋር በተያያዘ ክስ ለወራት ዘግቶት ነበር። ብዙ የሃርለም ሰዎች ግን እውነተኛው ምክንያት የጥቁርና የነጭ አብሮ መጨፈር ነው ብለው ያምኑ ነበር። እኛን በጽሑፍ የከለከለን የለም። በኮሪደር የምንሰማው ግን «አዳራሹ ጭፈራ ቤት ሊሆን ነው» የሚል ነው። ታዲያ በባህል ቀን እዚያው አዳራሽ እስክስታ ሲወርድ ለምን ማንም አይሰጋም? ያኔ እንግዶች ከፊት ወንበር ስለሚቀመጡ ይሆን?

እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ደግሞ ራሳችንንም እወቅሳለሁ። ስለ ድምፃውያን ብዙ እንጽፋለን፣ ስለ አዳራሾች ግን ዝም። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል የጃዝ መድረኩ ጃዛምባም አብሮ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2024 ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት በመልሶ ማልማት ከቦታው ተነሣ። ሙዚቀኛውና ተወዛዋዡ አሉ፤ ወለሉ ግን የለም። ከክፍላችን ይህን ተከታትሎ የጻፈ ሰው ካለ አላየሁም፤ እኔም አልጻፍኩም።

የምንጠይቀው ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ሦስት ሰዓት ብቻ። መታወቂያ እናስይዛለን፣ ወለሉን የሚቧጭር ጫማ አናደርግም፣ ጠርገን ወንበሩን መልሰን እንወጣለን። ኃላፊነት የሚወስዱልን አንድ መምህርም ተገኝተዋል። መጨፈር የማይፈልግ መጥቶ ቢያይ ወይም ጥግ ይዞ ቢያነብ ምን ችግር አለው?

ሁለተኛውን ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት እናስገባለን። መፈረም የምትፈልጉ እሑድ ማታ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ታገኙናላችሁ፤ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፣ የእኛ አንድ ብቻ ናት።