ከዱባይ ተራ እስከ አባይ በረሃ

መርካቶ ዱባይ ተራ ውስጥ የዕቃ ዝርዝር ይዘው ከሱቅ ሱቅ የሚዞሩ ወጣቶች ካያችሁ ሁሉም የሠርግ ሸማቾች አይምሰሏችሁ። የጂኦሎጂ ተማሪዎችም አሉባቸው። ለካርታ ሥራ መስክ ሊወጡ ነው። ጠንካራ ጫማ፣ የጀርባ ቦርሳ፣ የግንባር ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ። «ኦርጅናል ነው ወንድሜ፣ ተራራ ይወጣል» ይላል ባለሱቁ። በሁለተኛው ቀን ገደል ላይ ሶሉ ሲላቀቅ እሱን መርገም ይቀናል። ባለሱቁ ግን ነጋዴ ነው። መጠየቅ ያለበት ዝርዝሩን ጽፎ «በራሳችሁ ኪስ» ያለው ነው።

ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚገባ ጫማ የት እንደደረሰ ለመርካቶ ሰው አይነገርም። ከቤተሰብ በምትላክ ብር ለሚኖር ተማሪ አንድ ጫማ የወር ምሳ ነው።

ጫማውስ ተገኘ እንበል። ኮምፓሱስ? ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ሰሜንን ያሳይ ይሆናል፤ የጂኦሎጂ ኮምፓስ ግን የድንጋዩ ንጣፍ ወዴት እና በስንት ዲግሪ እንደተጋደመ ጭምር ይለካል። ይህን ተማሪ እንዲገዛ መጠበቅ የሕክምና ተማሪን ራጅ ማሽን ይዘህ ና እንደማለት ነው። ለአሥር ሰው አንድ ኮምፓስ ከደረሰ አንዱ ይለካል፣ ዘጠኙ ይገለብጣሉ። ከዚያ ዘጠኝ ካርታ ተሠራ ይባላል!

«ሳተላይት አለ፣ ለምን ይንከራተታሉ?» የሚሉ አሉ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው የአባይ በረሃ መንገድ ለእነሱ መልስ ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፦ ከላይ ባዛልት፣ ቀጥሎ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከታች ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ። ከሰማይ ሲታይ ኖራውም ጂፕሰሙም ነጣ ያለ ነገር ነው። የሚለያቸው በቦታው ቆሞ የሚንጠባጠብ አንድ ጠብታ ቀጭን አሲድ ነው፤ ኖራው አረፋ ይደፍቃል፣ ጂፕሰሙ ዝም ይላል። እንጦጦ፣ የረር፣ ወጨጫ ቅርብ ናቸው፤ ግን ሁሉም የእሳተ ገሞራ ተራሮች ናቸው። እነሱን ብቻ አይቶ የተመረቀ ጂኦሎጂስት የሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ፈልግ ቢለው ምን ይላል?

እዚህ ላይ ከባዱ ነገር ይመጣል። ያው መንገድ ነው። በሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታግተዋል። ይህን እያወቀ አውቶቡስ ሞልቶ «በርቱ» ብሎ የሚልክ መምህር ደፋር አይባልም። ፈርቶ ጉዞውን በፓወር ፖይንት የሚተካውም ጠንቃቃ አይባልም፤ ተማሪው ያልሠራውን ሥራ ውጤት እየሰጠው ነው። ሁለቱም ዕቅድ የላቸውም።

ዕቅድ ከጫማ አይጀምርም። ከወራት በፊት ወደ ዞንና ወረዳ በሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ፣ መንገዱን በሚያውቅ የአካባቢ ሰው፣ በተለዋጭ ቦታ፣ «ዛሬ አንሄድም» የማለት ሥልጣን ባለው አንድ ኃላፊ ይጀምራል። ክረምት ሳይገባ ማለቁም አለ፤ ሰኔ ላይ ያን ገደል መውረድ እብደት ነው።

መንግሥት በአሥር ዓመቱ ዕቅድ ማዕድንን ከአምስቱ ዋና ዘርፎች አንዱ አድርጎታል። መልካም። እንግዲያው ማዕድን ሚኒስቴርና ፈቃድ የያዙት ኩባንያዎች ነገ ለሚቀጥሩት ልጅ ዛሬ ኮምፓስ፣ መዶሻና ጫማ ይግዙ። ዕቃው በየትምህርት ክፍሉ መጋዘን ይቀመጥ፤ ተማሪ ፈርሞ ይውሰድ፣ ሲመለስ ይመልስ። የሚቀጥለው ቡድን ጥቅምት ሲጠባ ከመውጣቱ በፊት ይህ ማለቅ አለበት።