መሄዱስ ይሁን… መመለሱ ነው ጣጣው!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ዕረፍት ነው። ስለ መዝናናቱ ግን አይደለም፤ እሱን ማንም ያውቅበታል። የማናውቅበት መመለሱን ነው!

ፈረንጅ ዕረፍት ሲወጣ ሞቃት ባሕር ፍለጋ ይሄዳል። ዛንዚባር፣ ማልዲቭስ፣ ቀይ ባሕር… የአየር ጠርሙስ በጀርባው አዝሎ ከውሃ በታች ዓሣ ሲያይ ይሰነብታል። የእኛ ሰው ዕረፍት ግን ያው አገር ቤት ነው። እንደ እኔ ያለ የጎጃም ልጅ ጥምቀት ወይም መስቀል ሲደርስ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በሌሊት ይነሳል። 387 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ፍኖተ ሰላም ይገባል፤ ገፋ ካለም ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ይደርሳል። ከዚያ ደግሞ ከአስፋልቱ ወርዶ በባጃጅ፣ ባጃጅ የማይገባበት በእግር፣ እናቱ ደጅ!

ታዲያ ባሕር ጠላቂዎቹ አንድ የማትጣስ ሕግ አለቻቸው። ለቀናት ሲጠልቅ የሰነበተ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ከውሃው ከወጣ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈርም። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ከውሃ በታች ግፊቱ ከባድ ስለሆነ፣ ከሚተነፍሱት አየር ውስጥ ናይትሮጅን የሚባለው ጋዝ ደማቸው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ የሚወጣበት ጊዜ ካላገኘ ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ ሲብስም ሽባ ያደርጋል፤ ይገድላል። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቀን ምንም ሳይሠሩ አሸዋው ላይ ተጋድመው ያሳልፏታል።

እኛስ? እሑድ ጠዋት ከእናታችን እቅፍ እንላቀቃለን፤ እሑድ ማታ አዲስ አበባ እንገባለን፤ ሰኞ በ2 ሰዓት ሥራ! ከዚያ "ምን ሆነህ ነው የምትነጫነጨው?" ሲሉን እንገረማለን። አረፋው ነዋ!

አንዷን ቀን አትርፏት

የመጀመሪያው ምክሬ ይሄው ነው። አምስት ቀን ፈቃድ ካላችሁ አራቱን ለቤተሰብ፣ አንዷን ለራሳችሁ። ከመንገድ ገብታችሁ ልብሳችሁን እጠቡ፣ ተኙ፣ እናታችሁ ጋ ደውላችሁ "ገብቻለሁ" በሉ፤ ከፈለጋችሁም አልቅሱ። ማንም አያይም። የመመለሻውን የመሳፈሪያ ገንዘብና የአንድ ሳምንት የቤት ወጪ ደግሞ ገና ከአዲስ አበባ ሳትነሱ ለይታችሁ አስቀምጡ። አገር ቤት ገብቶ ኪስን መቆለፍ የሚችል ጀግና እስካሁን አላየሁም።

የመሸኛ ቃል

አንድ የማውቀው ልጅ አለ፤ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። አባቱ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ብር ወንዝ ዳር ሽንኩርት ይተክላሉ። ልጅ ለመስቀል ሄዶ ሲመለስ አባት እስከ መናኸሪያ ሸኙት። መኪናው ሊነሳ ሲል የሽማግሌውን ፊት አየና ሆዱ ባባ። "አባባ፣ ለበጋው የውሃ ሞተር እልክልዎታለሁ!" አለ።

አባት ይህን ቃል ይዘው ተጨማሪ መሬት በኪራይ ያዙ። ሞተሩ የት ይምጣ! የልጁ ደመወዝ ከቤት ኪራይ አያልፍም። አፍሮ የአባቱን ስልክ ማንሳት ተወ። አባት ደግሞ ልጃቸው የታመመ መስሏቸው ለጎረቤቱ ሁሉ ይደውሉ ጀመር። ልብ በሉ፤ ሁለቱን ያለያየው ድህነት አይደለም። ድህነቱንማ አብረው ኖረውበታል። ያለያያቸው መኪና በር ላይ የተወረወረ አንድ ቃል ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በመሸኛዋ ሰዓት ቃል አትግቡ! ማመስገን፣ ጉልበት መሳም፣ መመረቅ፣ በቃ። የምትችሉት ነገር ካለ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ በቁጥር ተናገሩ። "በወር ይህን ያህል እልካለሁ፤ ከዚህ በላይ አልችልም" ማለት ነውር የለበትም። የቤት ኪራያችሁ ስንት እንደሆነም ንገሯቸው። ገበሬ ሒሳብ ያውቃል፤ የማያውቀው እኛ የደበቅነውን ነው።

ማዳበሪያውና አባይ

የጎጃም እናት ባዶ እጅ አትሸኝም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ቅቤው፣ በወቅቱ ከሆነም የፍኖተ ሰላም ማንጎ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ይታሰራል። "ተዪው፣ እዚያም ይገዛል" የሚል ልጅ አለ። ተው! እናትህ እኮ በርበሬ ብቻ አይደለም የምትሰጥህ። ተቀበል፣ አመስግን፣ ግን አስተሳሰሩን እወቅበት። በርበሬውን በሁለት ፌስታል ደራርበው፤ አለበለዚያ አውቶቡሱ በሙሉ ሲያነጥስ ይገባል። የቅቤውን ዕቃ እስከ አፉ አትሙላው፤ አባይ በረሃ ውስጥ ይቀልጥና የጎረቤትህን ሻንጣ ይቀባዋል።

አባይ በረሃ ካልን አይቀር፣ ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ጎሐ ጽዮን። ጆሮ የሚደፈነው በከፍታው ለውጥ ነውና ማስቲካ ማኘክ፣ ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት ይረዳል። ሕፃን የያዘች እናት ቁልቁለቱ ላይ ታጥባው። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ፊት ወንበር ያዙ፤ ስልክ ላይ አታፍጥጡ፤ ሩቅ እዩ። ደብረ ማርቆስ ላይ ጥብስ ሙሉ ትሪ በልቶ ኩርባው ላይ ቅዱሳንን መጥራት ፋይዳ የለውም!

መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም

ይህን ሁሉ ስል ነገሩን ቀለል ማድረጌ እንዳይመስላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ውጊያ ከተቀሰቀሰ ወዲህ የአገር ቤት ጉዞ ሌላ ነገር ሆኗል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግሮ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ደግሞ በዚሁ በጎጃሙ መንገድ፣ ገብረ ጉራቻ አካባቢ፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ከነአውቶቡሳቸው ታግተዋል። ስለዚህ "እናቴን ካየኋት ሁለት ዓመት አለፈኝ" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ጨካኝ አትበሉት።

የሚሄድ ግን ይጠንቀቅ። በምትመለሱበት ዕለት ጠዋት በመንገዱ ላይ ወዳሉ ከተሞች፣ ለምታውቁት ሰው ደውሉ። መታወቂያ ያዙ። የመኪናውን ታርጋና የተነሳችሁበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩ። ፌስቡክ ላይ "ነገ ወደ ሸገር!" ብሎ መለጠፍ ይቅርባችሁ። አልመሸም ብላችሁ ጨለማ ውስጥ አትግቡ። "መንገድ ተዘግቷል" ከተባለ ደግሞ ተዘግቷል! ለአለቃችሁ ደውላችሁ እውነቱን ንገሩት። የቀረ ሥራ ይካካሳል።

አንዲት አንባቢ የጻፈችልን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህን ርዕስ ያስመረጠኝ የደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

"የተወለድኩት ቡሬ ዙሪያ ገጠር ነው። አዲስ አበባ ከመጣሁ አራት ዓመቴ። ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ግን ቢሮ የምሠራ ይመስላቸዋል። ለጥምቀት ሄጄ ልመለስ ስል አባቴ ለ13 ዓመት እህቴ አዲስ ጫማ ገዝቶላት 'ይዘሻት ሂጂ' አለኝ። የምኖረው ለሦስት በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ደነገጥኩና 'ለፋሲካ መጥቼ እወስዳታለሁ' ብዬ አመለጥኩ። ልጅቷ መኪናውን ተከትላ ሮጠች። እናቴ ደግሞ በጆሮዬ 'ካልወሰድሻት የሚጠይቃት አለ' ብላኛለች። ትምህርት ቤታቸው ከተዘጋ ቆይቷል። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ 'አምጫት፣ ሰው ቤት እናስገባታለን፣ ደላላ አውቃለሁ' ትለኛለች። ፋሲካ እየደረሰ ነው። ምን ላድርግ?"

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ደላላውን እርሺው! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅን መቅጠር ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርስ? ሰው ቤት የገባች የ13 ዓመት ልጅ በሩ ከተዘጋባት በኋላ ምን እንደሚደርስባት ማን ያያል? ዛሬ ተከትላሽ የሮጠችው ልጅ ነገ የምትጠላሽ ትሆናለች።

ሁለተኛ፣ ጋብቻው "ዕጣዋ ነው" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ብሎታል፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ወንጀል ነው። ይህን የምነግርሽ አባትሽን እንድትከሺ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ አባትሽ ክፉ ሰው አይደሉም። ጫማ ገዝተው የላኳት እኮ አንቺ ዘንድ ትድናለች ብለው ነው። ቢሮ የምትሠራ፣ ቤት ያላት ልጅ አለችኝ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ከፋሲካ በፊት ደውዪላቸውና እውነቱን ንገሪያቸው፤ ሥራሽን፣ ክፍሏን፣ ሦስት መሆናችሁን። ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ግን አባትሽ በሌለ ቤት ላይ ተመርኩዘው ልጃቸውን እየሰደዱ ነው።

ብቻሽን አትጋፈጪው። የአባትሽን የንስሐ አባት ጨምሪ፤ የእሳቸውን ቃል አባትሽ በቀላሉ አይጥሉትም። የልጅቷን አስተማሪና የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም ጠይቂ። ቡሬ ከተማ ውስጥ ወይም በአቅራቢያው የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ የሚያስጠጋ ዘመድም ካለ፣ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። የጎጃም ተማሪ ስንቁን ተሸክሞ ከተማ ክፍል ተከራይቶ መማር ያውቅበታል። ለእሷ አዲስ አበባ ላይ ልታወጪ የነበረውን ለዚያ ላኪላት።

ይህ ሁሉ ካልሆነስ? ውጊያው ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የክልሉን ልጆች ከትምህርት አውጥቷል፤ የእህትሽም እንደዚያ ሆኖ ጠያቂውም እውነተኛ ከሆነ፣ መንገዱን አጣርተሽ ሂጂና አምጫት። ግን በሦስት ነገር። የትምህርት ማስረጃዋ ይዛው ትምጣ። የክፍል ጓደኞችሽ አስቀድመው ይስማሙ። ስትመጣ መጀመሪያ የምትገባው ትምህርት ቤት ይሁን እንጂ የሰው ወጥ ቤት አይሁን። ይጠብሻል፣ ይርብሻል፤ እሱን አልደብቅሽም። ትዳር ውስጥ ከምትገባ የ13 ዓመት ልጅ ኑሮ ግን ይሻላል።

የማይሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልክሽን አጥፍተሽ ፋሲካን ማሳለፍ። ልጅቷ ቀን እየቆጠረች ነው።

እናንተስ አንባብያን? ከአገር ቤት ስትመለሱ ታናሽ ይዛችሁ የመጣችሁ ወይም ትታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ እንዴት እንደተወጣችሁት ጻፉልን፤ ስም አናወጣም። ለዚች እህታችንም ይጠቅማታል።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!